ወላጅ ያልገለጠው ሞጁል
ልጃችሁ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ምን ይማራል?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በቤት ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ምደባው ይሰማል፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ባልዲና የሳጥን ቁልፍ ይገዛል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሰናዳል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጸልያል፤ ልጁም መናኸሪያ ድረስ ይሸኛል። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደወል የሚጠየቀው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው። “ምግቡ ተስማማህ?” እና “ምን ክፍል ደረሰህ?” በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ግን አንድ ሙሉ ዓመት አለ። ልጁ በየቀኑ ክፍል ገብቶ የሚማረው፣ ሌሊት ላይብረሪ ተቀምጦ የሚያነበው፣ በኋላም የሚደርሰውን ክፍል የሚወስንለት ትምህርት ያለው በዚያ ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ትምህርት የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው።

ወላጆች የማይጠይቁት ስለማይቆረቆሩ አይደለም። ብዙዎች ያለፉበት መንገድ ስላልሆነ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ አድርጎ አስቀመጠ፤ ይህንኑ ተከትሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ የፍሬሽማን ዓመት ቀረና አብዛኛው ዲግሪ በሦስት ዓመት የሚያልቅ ሆነ። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች ዩኒቨርሲቲ የገቡት በቀጥታ ወደ ዲፓርትመንታቸው ነው። ከእነርሱ ቀድመው ስድስት ኪሎ ወይም ሐረማያ የተማሩት ደግሞ ፍሬሽማንን ቢያውቁትም የሚያስታውሱት የራሳቸውን ዘመን ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፤ የሦስት ዓመቱ ዲግሪም አራት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች ዓመቱን ሳይጨርሱ በመጋቢት ወር ኮሮና መጣና ወደየቤታቸው ተበተኑ። በእነዚያ ወራት ሞጁል የሚለው ቃል በየሳሎኑ ተሰማ።

ሞጁል ምንድን ነው?

ቃሉ በአገራችን ሁለት ነገር ይባልበታል፤ ብዙ ወላጅ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓተ ትምህርታቸውን “ሞጁላር” አደረጉ ሲባል የሚቀራረቡ ኮርሶችን በአንድ ጥቅል አሰባስበው ለማስተማር ተነሡ ማለት ነበር። በአንዳንድ ቦታም አንድን ኮርስ በጥቂት ሳምንታት አጥብቆ አስተምሮ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ተሞከረ። ተማሪው ግን ሞጁል ሲል ይህን ማለቱ አይደለም። ለእርሱ ሞጁል ማለት ለኮርሱ የተዘጋጀው ጥራዝ ነው፤ በየምዕራፉ ዓላማው፣ ማብራሪያው፣ መልመጃው ያለበት፤ ዛሬ ዛሬ በአብዛኛው በስልክ የሚነበብ። የርቀት ተማሪ የሚቀበለውም መጽሐፍ በዚሁ ስም ይጠራል። የፍሬሽማን ሞጁሎች የተዘጋጁት በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሆነ ጎንደር የገባውና ጅማ የገባችው ልጅ የሚያነቡት አንድ ዓይነት ነው። የተጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ምን ምን አለበት? እንግሊዝኛ በሁለት ክፍል፣ ሎጂክና ጥልቅ አስተሳሰብ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሥራ ፈጠራ፣ አካቶነት፣ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች፣ የአካል ብቃት፤ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችም ፊዚክስና የመሳሰሉት። ሐኪም ልትሆን የገባች ልጅ ስለ አባይ ተፋሰስ ታነባለች። አካውንታንት ለመሆን ያሰበው ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ ይፈተናል። “ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል? ወደ ሙያዋ ለምን አይለቋትም?” የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ዓመት መጨመር ወጪም መጨመር ነው። ነገር ግን ከ12ኛ ክፍል በቃል አጥንቶ ለመጣ ልጅ፣ ማስረጃንና አስተያየትን ለይቶ ማየትን፣ የአገሩን ወንዝና ታሪክ ማወቅን አንድ ዓመት የሚያስተምረው ቦታ ማግኘቱ ትርፍ እንጂ ኪሣራ አይመስለኝም። ኪሣራው ተማሪው ራሱ “ኮመን ኮርስ ነው” ብሎ የናቀው ጊዜ ነው።

ሰዓቱን ቁጠሩት

ከእነዚህ ኮርሶች አብዛኞቹ ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት ወሰነ ትምህርት 48 ሰዓት ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። በሞጁሎቹ መጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ሌላም ቁጥር ይገኛል፤ ኢሲቲኤስ ይባላል፤ ከአውሮፓ የተወሰደ መለኪያ ነው፤ ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ በዚህ መለኪያ 5 ነው። በአውሮፓውያኑ መመሪያ አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ይወክላል። ሲባዛ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይሆናል። የክፍሉን 48 ስትቀንሱ ከ77 እስከ 102 ሰዓት ልጁ ብቻውን እንዲያነብ፣ እንዲጽፍ፣ ከጓደኞቹ ጋር እንዲሠራ የታሰበ ነው። በሳምንት ለአንዱ ኮርስ ብቻ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው።

“ልጄ በቀን ሦስት ሰዓት ተምሮ ዶርም ይተኛል” የሚል ወላጅ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ክፍል አልቆ ያለው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም። በግቢ ኅብረት የሚያገለግሉ ልጆችም ይህን ሰዓት ከአገልግሎቱ ጋር አብረው ሊቆጥሩት ይገባል፤ የመዘምራን ልምምድ በሳምንት አራት ቀን ሆኖ ሚድ ሲደርስ ሌሊቱን ሁሉ መቸከል አያዋጣም። የሳይኮሎጂው ሞጁል ራሱ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት አንድ ምዕራፍ አለው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ የተማርነውን በብዛት የምንረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ በየጊዜው እየከፋፈሉ መከለስም በአንድ ጊዜ ከመደራረብ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ልጁ ይህን አንብቦ ለፈተና ይመልሰዋል፤ ለራሱ ግን አይሠራበትም። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ነው።

ለዕረፍት ሲመጣ

ፍሬሽማን ለዕረፍት ቤት ሲመጣ ክስቶ ብቻ አይመጣም፤ ጥያቄም ይዞ ይመጣል። ሎጂክ ከተማረ ልጅ እንጀምር። ሞጁሉ የተሳሳተ ሙግት ዓይነቶችን በየስማቸው ያስተምራል፤ ነጥቡን ትቶ ተናጋሪውን መንቀፍ፣ ርኅራኄ ቀስቅሶ ማሳመን፣ ከአንድ ሁለት ሰው ተነሥቶ ስለ ሁሉም መደምደም፣ “አንተስ?” ብሎ መመለስ። ልጁ ማዕድ ላይ “አባዬ፣ ይሄ እኮ ፋላሲ ነው” ቢል አትቆጡ። እርግጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት እንዲናገር ንገሩት። ግን ደግሞ ባልና ሚስት በቤት ወጪ ሲነጋገሩ “አንቺ ራስሽ ባለፈው ወር…” የሚለው መልስ ስንቱን ውይይት እንዳበላሸ እናውቃለንና፣ ያን ምዕራፍ አስተርጉማችሁ ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

ከበድ የሚለው ሌላው ነው። የታሪኩ ሞጁል የሚነሣው ከሰው ዘር ጥንታዊ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ይማራሉ። አንትሮፖሎጂው ደግሞ ጋብቻን፣ ቤተሰብንና ዝምድናን በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ እንዴት እንደሆነ ይዘረዝራል፤ አንድ ለአንድ ጋብቻ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም፤ ጥሎሽን፣ የወንድምን ሚስት መውረስንም። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ይህን ሲያነብ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ዝም ይላል። ብዙ ወላጅ የሚሰጠው ምክር “ለፈተናው ብቻ ሸምድደው፣ ከዚያ እርሳው” የሚል ነው። በዚህ ምክር አልስማማም። ልጁ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄውን ወደ ቤት ይዞ መምጣት እንደማይቻል ነው የሚሰማው። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የሚወስደው ወደማናውቀው ሰው ነው።

አንትሮፖሎጂ የሰዎችን ኑሮ እንዳለ ለመግለጽ የቆመ ትምህርት ነው፤ አንድ ሕዝብ እንዴት እንደሚጋባ መግለጽና እንዴት መጋባት ይገባል ብሎ ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን ልዩነት ለይቶ ያወቀ ልጅ ሞጁሉን ሳይፈራ ያነባል። ስለ ሰው አፈጣጠር የሚነሡት ጥያቄዎች ግን በአንድ ማታ የሚያልቁ አይደሉም፤ በአማኝ ምሁራን መካከልም ከአንድ በላይ አመለካከት አለ። ወላጁ መልስ ባይኖረው እንኳ ልጁ ያነበበውን ገጽ አብሮ ማየት፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማገናኘት ይችላል። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምረው በፈተና ከሁሉ በልጠው እንደተገኙ ለልጆቻችን በሰንበት ትምህርት ነግረናቸው የለም እንዴ?

ምርጫው

ዓመቱ ሲያልቅ፣ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአንደኛው ወሰነ ትምህርት በኋላ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። ዝርዝር አሠራሩ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ የፍሬሽማን ውጤትና የመግቢያ ፈተና ውጤት ግን ዋና ሚዛን ናቸው። እዚህ ላይ ነው የተናቀው ኮርስ የሚበቀለው። አንድ ተማሪ በዓመት 30 ክሬዲት ወሰደ እንበል። ጂኦግራፊን ቸል ብሎ በኤ ፈንታ ሲ ቢያገኝ በአንዱ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብቻ 6 ነጥብ አጣ፤ ይህም ለ30 ሲካፈል 0.20 ነው። 3.60 የነበረው 3.40 ሆነ። ብዙ ሰው ለተሻማበት ክፍል ይህች ልዩነት መግቢያና መቅሪያ ናት። ሒሳብም ጂኦግራፊም እኩል 3 ክሬዲት ስለሆኑ ቀመሩ አንዱን ከሌላው አያከብርም።

ወላጆች በዚህ ወቅት ስልክ ያበዛሉ። አባት “ሕክምና” ይላል፣ እናት “ኢንጂነሪንግ” ትላለች፣ አጎት ከአሜሪካ “ኮምፒውተር ብቻ” ይላል፤ ልጁ በሦስቱ መካከል ቅጹን ይሞላል። ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ለብቻችሁ ተነጋገሩ። ልጁ በአባቱና በእናቱ መካከል እንዲመርጥ አይደረግም። ከዚያም “በዚህ ዓመት ከወሰድሃቸው ሞጁሎች የትኛውን ሳትገደድ አነበብህ?” ብላችሁ ጠይቁት። ኢኮኖሚክሱን ደጋግሞ ያነበበ ልጅ፣ ፊዚክሱን ለማለፍ ብቻ የያዘ ልጅ፣ ነገሩን ራሱ ነግሯችኋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ በዲፓርትመንቱ ትምህርት የመውጫ ፈተና መፈተንና ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ያልወደደውን ክፍል ለወላጅ ብሎ የገባ ልጅ ሦስት አራት ዓመት ጎትቶ መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ይህ ነው።

አባትና እናትም ተማሪ ሲሆኑ

ሞጁል ቤት የሚገባው በልጅ እጅ ብቻ አይደለም። በርቀት የሚማሩ ባለትዳሮች በየቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ናቸው። እዚህም ሒሳቡን እንሥራ። የርቀት ተማሪ የክፍል ሰዓቱ ጥቂት ስለሆነ ያ 125 እስከ 150 ሰዓት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከቤት የሚወጣ ነው። አራት ሞጁል በአንድ ወሰነ ትምህርት የተመዘገበች እናት፣ በዚሁ መለኪያ በ16 ሳምንት ከ500 እስከ 600 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ31 ሰዓት በላይ ያስፈልጋታል። ይህ ሁለተኛ ሥራ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ውላ፣ እራት አብስላ፣ ልጆች አስተኝታ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሞጁል የምትገልጥ ሴት ዕንቅልፏን እየከፈለች ነው። ባል “እኔ እንድትማር ፈቅጃለሁ” ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት ሦስት ምሽት እራቱንና የልጆቹን የቤት ሥራ እርሱ ቢይዝ ፈቃዱ ይታያል። ባል ሲማርም እንዲሁ፤ ሚስት ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ ካልተነገራት “ሁልጊዜ መጽሐፍ ላይ ነህ” ማለቷ አይፈረድባትም።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለመመዝገብ ካሰቡ ከአራት ወደ ሁለት ሞጁል ዝቅ ቢሉ ይሻላል፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ከተመዘገቡ በኋላም የአሳይመንቱን ማስረከቢያ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱንና የፈተናውን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የርቀት ፈተናዎች ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ላይ ስለሚውሉ፣ ያን ቀን መዝሙር የሚመራ ወይም የልጆች ክፍል የሚያስተምር ሰው ለአገልግሎት መሪው ከወር በፊት ቢነግር ተተኪ ይገኝለታል።