ፓይለት ለመሆን ቁመቴ ስንት መሆን አለበት? (ስለ "ቁመት ጨማሪው" ኪኒንም)



የዛሬውን ጽሑፍ ያመጣው አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነው። እዚሁ ላሊበላ ካርድ አውጥቶ ገባ፤ "ምን ሆንክ?" ስለው ምንም አልሆነም። ከጃኬቱ ኪስ የኪኒን ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና "ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?" አለኝ። የበረራ ስልጠና ማስታወቂያ አይቶ ነበር። ከተጠየቀው ቁመት 3 ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ብልቃጡን በቴሌግራም ያስመጣው ታላቅ እህቱ ለቤት ኪራይ ከላከችለት ብር ላይ ቀንሶ ነው። ማንነቱን ሳልገልጽ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ሹምሸሃ ላይ ቦምባርዲየሩ ሲያርፍና ሲነሳ እያየ ያደገ የላስታ ልጅ ፓይለት መሆን ቢመኝ አይገርምም። በውስጥ መስመርም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚደርሰኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ብዙ ሰው ቁመት የሚጠየቀው ለግርማ ሞገስ ወይም ለጉልበት ይመስለዋል። በተዋጊ ጀት ግን ነገሩ የልክ ጉዳይ ነው። ቢሾፍቱ ያለው አየር ኃይላችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ሠራሹን ኤፍ-5፣ ከ1977 ጀምሮ የሶቪየቶቹን ሚግ-21 እና ሚግ-23፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሱ-27ን ታጥቋል። ከእነዚህ ኮክፒቶች አንዱም በእኛ ልክ አልተሰፋም። ገዝተን ነው የገባንበት። አብራሪው ተቀምጦ ከመስታወቱ ውጪ ማየት አለበት፤ እግሩ ፔዳሉን እስከ ጥግ መርገጥ፣ እጁም ቀበቶው ጥብቅ ብሎ እያለ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ጋ መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ጭንቅላቱ ጣሪያውን መንካት የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መውጫው ነው። ተዋጊ ጀት ሲመታ ወይም ሲበላሽ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ላይ የሚወረውረው ኢጀክሽን ሲት የሚባል ወንበር አለ። በሮኬት ነው የሚተኮሰው። በዚያች ቅጽበት በአከርካሪ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነትን ክብደት ከአሥር ጊዜ በላይ ያህላል፤ በሕይወት ከወጡት ውስጥ የጀርባ አጥንታቸው የተሰነጠቀ ጥቂት አይደሉም። ጭኑ በጣም የረዘመ ሰው ሲወረወር ጉልበቱ ከፊት ካለው ፓነል ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ክብደትም የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ወንበሩ የተሠራው ለተወሰነ የኪሎ ክልል ነው፤ ቀላል ሰው ላይ ግፊቱ ይበረታል፣ አንገትም ከነከባዱ ሄልሜት ወደ ኋላ ይወረወራል። ኤፍ-35 የሚባለው ዘመናዊ ጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ62 ኪሎ በታች የሆኑ አብራሪዎች እንዳያበሩ ታግደው ነበር። እገዳው የተነሳው ወንበሩና ሄልሜቱ ተሻሽለው በ2017 ነው። አሁን የእኛን ልጅ እንየው፦ 167 ሳንቲ ሜትር፣ 53 ኪሎ። የክብደቱ ልኬት፣ ማለትም ቢኤምአይ፣ 19 ነው። እኔ እንደ ሐኪም "ጤነኛ ነህ፣ ሂድ" ብዬ የምሸኘው ሰው ነው፤ ያ ወንበር ግን አይቀበለውም ነበር። ስለዚህ "አላለፍክም" ማለት "ታመሃል" ማለት አይደለም።

ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ሜትሩ ላይ ቆሞ ከሚለካው ቁመት ይልቅ ኮክፒት ውስጥ የሚቆጠረው ተቀምጦ የሚለካው ነው፤ ማለትም ከመቀመጫ እስከ አናት። የአሜሪካ አየር ኃይል ለረጅም ጊዜ የሚጠይቀው የቁም ቁመት ከ163 እስከ 196፣ የመቀመጫ ቁመት ከ86 እስከ 102 ሳንቲ ሜትር ነበር። ልጁን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌ ለካሁት፤ 84 ወጣ። ረጅም እግር፣ አጠር ያለ ወገብ። በእኛ አካባቢ የተለመደ አቋም ነው። እናም በዚያ መለኪያ ቢሆን በቁመቱ አልፎ በመቀመጫው ይወድቅ ነበር ማለት ነው! ቤታችሁ ሞክሩት፤ ሜትርና ቀጥ ያለ ግድግዳ ይበቃል።

አጭር መሆን ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ዩሪ ጋጋሪን 157 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ጠባቧ መንኮራኩር አጭር ሰው ትፈልግ ነበር። ከዚህም ሌላ ጀት ሲታጠፍ ደም ወደ እግር ይወርዳል። ልብ ከአንጎል በታች 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሙን እዚያ ለማድረስ ብቻ በተለመደው ሁኔታ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ታወጣለች። በ5 ጂ መታጠፊያ ላይ ይኸው 110 ይሆናል። ግፊታችሁ 120 ከሆነ የሚተርፈውን አስሉት። አብራሪዎች ራሳቸውን የሚስቱት በዚህ ነው፤ ከልብ እስከ አንጎል ያለው ርቀት አጠር ያለለት ሰው ትንሽ ይቀለዋል።

ደግሞ ቁጥሩ የማይነካ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪ 4,063 አብራሪዎችን ለክቶ በ10 ልኬቶች "አማካይ" የሆነ ሰው ፈለገ። አንድም አላገኘም። ይህም ወንበርና ፔዳል በ"አማካይ" ሰው ልክ ሳይሆን ለተለያየ ልክ እንዲስተካከል ሆኖ መሠራት እንዳለበት አሳየ። በ2020 ደግሞ እነሱ ራሳቸው መነሻውን የቁመት መስፈርት አነሱት፤ ከ20 እስከ 29 ዓመት ካሉት የአገሪቱ ሴቶች 44 በመቶ ያህሉን በር ላይ ይመልስ ስለነበር። አሁን ሰውየው ለየትኛው አውሮፕላን ይሆናል ተብሎ ይለካል። የማጓጓዣ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር አብዛኛውን ጊዜ ያ ተወርዋሪ ወንበር የላቸውም፤ የመንገደኛ አውሮፕላንም እንደዚያው። መስፈርቱ ከሥራ ሥራ ይለያያል፣ ስለዚህ የዙሩን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ እንጂ ጓደኛ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ። ቁመት የሚጨምረው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ባለ ለስላሳ የእድገት ክፍል ነው። ይህ ክፍል በሴቶች ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 16፣ በወንዶች ከ16 እስከ 18 ዓመት ይዘጋል፤ አንዳንዱ ይዘገያል። ከተዘጋ በኋላ የሚከፍተው ኪኒን የለም። የልጁ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ካልሲየም፣ ዚንክና ቫይታሚን ዲ ነው። መርዝ አይደለም፣ ግን 19 ዓመት ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። የእድገት ሆርሞን መርፌ የሚሸጡላችሁ ደግሞ ይብሳሉ፤ አጥንቱ ከተዘጋ በኋላ የሚያድገው እጅ፣ እግር መዳፍና መንጋጋ ነው፤ ስኳርም ያመጣል። ብረት ላይ መንጠልጠልም ያው ነው። (አንድ ሐቅ ግን አለ፦ ጠዋት ከመኝታ ስንነሳ ከማታው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እንረዝማለን። ልኬት ካለባችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ማጭበርበር አይባልም።)

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ኪሎ ለመጨመር ዴክሳሜታዞን የሚውጡት ናቸው። ፊት ይሞላል፣ ሆድ ይወጣል፣ ሚዛኑም ከፍ ይላል። ከዚያ የሕክምና ምርመራው ላይ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ብሎ ይገኛል፣ በኪሎ ለማለፍ ብሎ በግፊት መውደቅ ማለት ነው። ለሳምንታት የወሰዳችሁ ካላችሁ ዛሬ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪም ጋ ሂዱና ቀስ በቀስ ይቀነስላችኋል።

ቁመት በእርግጥ የሚወሰንበት ጊዜ ሌላ ነው፤ ከዘር ቀጥሎ ከእርግዝና እስከ 2 ዓመት ያለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከመቶ 46 የሚሆኑት የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በአገር ደረጃ 38 ነበር። መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት ያለመው፣ በ2015 የታወጀው ቃል ኪዳን እኮ የተሰየመው በጎረቤታችን ሰቆጣ ስም ነው። የልጁ እናት በ77ቱ ድርቅ የተወለደች ናት። እሱ በልጅነቱ የጎደለው ነገር ይኑር አይኑር ማንም ወደ ኋላ ሄዶ ሊለካ አይችልም፤ ነገር ግን ያ 3 ሳንቲ ሜትር በእሱ ስንፍና የመጣ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማ። "አብሽር" አልኩት፣ ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ብልቃጡን ወደ ኪሱ መለሰና በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፣ እሱስ?" አለኝ።

እሱ ገና አልተዘጋበትም። ሽሮውም፣ እንቁላሉም፣ እንቅልፉም ዋጋ የሚኖራቸው አሁን ነው፤ እድገቱ ከእኩዮቹ ዘግይቶ ከሆነም አሁን ቢታይ ይሻላል። ቅዳሜ ለገበያ ሲወርዱ ይዞት ሊመጣ ተቀጣጥረናል።