አስኒ (ፊልም)

አስኒ በክራር ተጫዋቿ፣ ድምፃዊቷና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ ሕይወት ላይ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። አዘጋጇ ራሔል ሳሙኤል ናት፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ርዕሱ የአስናቀች የቁልምጫ ስም ነው። እርሷ ራሷ ፊልሙ ለዕይታ ሳይበቃ በመስከረም 2004 ዓ.ም. አርፋለች።

ሴት በመድረክ ላይ

ዘመናዊ ቴያትር በአዲስ አበባ ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ሙሽራም እናትም ይሆኑ ነበር። (በእንግሊዝ አገርም እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ ልማዱ ይኸው ነበር።) ምክንያቱ የሴቶች ችሎታ ማነስ አልነበረም። ሴት ልጅ ሰው ፊት ወጥታ ብትጫወት ስሟ ይጠፋል፣ ቤተሰቧም ያፍርባታል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነው። ወንድ በቀሚስ ሲወጣ ማንም ምንም አይልም፤ ነውር የሚሆነው ሴቷ በራሷ ቀሚስ ስትወጣ ነበር።

አስናቀች በ1940ዎቹ ዓ.ም. «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴያትር ተጫውታ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የመድረክ ተዋናይ ተብላ ትጠቀሳለች። ኋላም በቸርችል ጎዳና በሚገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። ቴያትር ቤቱ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር ቁልቁል ሲወረድ ይገኛል፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴያትር ደግሞ ከላይ ፒያሳ ነው።

ክራርና ፍቅር

በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን ነው ይባል ነበር። የጠጅ ቤት፣ የፍቅርና የሽሙጥ መሣሪያ ስለሆነ ነው። አዝማሪ መባልም እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ አስናቀች ሴት ሆና መድረክ ላይ ወጣች፣ ክራር ያዘች፣ ዘፈኗም ስለ ፍቅር ነበር። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ለሐሜት ይበቃ ነበር። እርሷ ግን ሦስቱንም አልደበቀችም፤ አምራና ተውባ፣ ወርቋን አድርጋ ትታይ ነበር። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም የምትወራረፍባቸው ዜማዎች በተለይ የሚወደዱት ምላሷ ስለት ስለነበረ ነው፤ ሰምና ወርቁን ለይቶ ለመሳቅ አድማጩ ፈጠን ማለት ነበረበት።

የፊልሙም ጉልበት ከዚሁ ይመጣል። ፍቅሯን፣ ኩራቷንና ያለፈችበትን መከራ በሕይወቷ መገባደጃ ላይ የምትተርከው ራሷ ናት።

ዘፈኖቿ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሰናዳው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሆነው በፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመዋል። የቅጹ ርዕስ «ባለ ክራሯ እመቤት» እንደ ማለት ነው።