«ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ
የሶፍትዌር ተጠቃሚው ቅሬታ ከሆሳዕና ተነስቶ የት ይደርሳል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሾኔ ከአገልግሎት መስኮት ፊት የቆመ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በደንብ ያውቀዋል። ባለጉዳዩ ነገ ተመለስ ይባላል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ አይቲ ክፍል ትደውላለች፤ ባለሙያው መጥቶ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራዋል። የጠፋው ኔትወርክ ከሆነ ከሰዓት ይመለሳል። እንከኑ ሶፍትዌሩ ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ምንም አይሰሙም፤ በሚቀጥለው ወርም ያው ስህተት ይመጣል።

ተጠቃሚው ያየውን ስህተትና ያሰበውን ማሻሻያ ለማን፣ እንዴት ይንገር የሚለው ጥያቄ በአገሪቱ ኮምፒውተር ከገባ ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ አካባቢ ክብደት የጨመረው ግን በቅርቡ ነው። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ከወረቀት ወደ ስክሪን የሚዛወረውም ሥራ በዝቷል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ ግቢ አለው። ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ወጣቶች በኦንላይን የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድና የዳታ ትምህርት እንዲወስዱ በሩን ከፍቷል። ኮድ መጻፍ የሚማር ሰው ተበራክቷል። ስህተት አጣርቶ ማሳወቅ ግን ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ ብዙም አይነገርም።

ሙያው ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልኳ ላይ ያለው ቅጽ አስቸገራት እንበል። «አፑ አይሠራም፣ አስተካክሉልን» ብትል ተቀባዩ የሚይዘው ጭራ የለውም። ይልቅስ እንዲህ ብትጽፍስ? «ስልኬ አንድሮይድ 10 ነው። የልደት ቀን ላይ ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም ስመርጥ ሳስቀምጠው መስከረም 3 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ያው ነው። ነሐሴ 30 ስመርጥ ግን በትክክል ይይዛል።» ምን አደረግሁ፣ ምን ጠበቅሁ፣ ምን መጣ፣ በምን መሣሪያ፤ አራቱም አሉ። ይህ የደረሰው ፕሮግራመር የትም ሆነ የት ስህተቱን በገዛ ጠረጴዛው ላይ መልሶ ሊፈጥረው ይችላል። ያላየውን ስህተት ማስተካከል የሚችል ፕሮግራመር ደግሞ የለም። የሞዚላ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሰዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባግዚላ የተባለውን የስህተት መዝገብ ለሕዝብ ሲከፍቱም ሆነ ከዚያ ወዲህ የመጡት መሰል መዝገቦች ሲዘጋጁ፣ ቅጾቻቸው የሚጠይቁት በመሠረቱ እነዚህኑ አራቱን ነው።

የጳጉሜን ምሳሌ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ኢትዮጵያውያን በሶፍትዌር ላይ ካላቸው ሥር የሰደደ ቅሬታ አንዱ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከነመደበኛ መሣሪያዎቹ ሲመጣ የጃፓንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፤ የኢትዮጵያን ግን አይዝም። የሚፈልገው ሰው በበጎ ፈቃደኞች ከተዘጋጀ ተጨማሪ ጥቅል ያመጣዋል። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር ዓመቱን በ12 ወር ይዘጋዋል፤ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃንም በመዝገቡ ላይ ቦታ ያጣል።

በሌላ በኩል የተሳካም አለ። የጤና ሚኒስቴር የተቋማትን ወርሃዊ ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የሚመራው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የሐዲያም ሆነ የከምባታ ጤና ጣቢያ ሪፖርቱን የሚዘጋው ወር በገባ በ20ኛው ቀን ነው፤ ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል። ስለዚህ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ተነስቶ ጳጉሜንን ውጦ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ይህን ሁሉ ከኦስሎ ሆኖ መገመት አይቻልም፤ ከተጠቃሚው መምጣት አለበት።

ሶፍትዌሩ ዛሬ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። በኖቬምበር የሚጀምር የበጀት ዓመት የሚል ምርጫም አለው። ለኢትዮጵያዊ ይህ ግራ ያጋባል፤ ኖቬምበር ከሐምሌ ጋር ምን አገናኘው? ለኮምፒውተሩ ግን ኖቬምበር ማለት 11ኛው ወር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 11ኛው ወር ሐምሌ ስለሆነ ስሙ የፈረንጅ፣ ሒሳቡ የአገር ቤት ሆኖ ይገጥማል።

ከፊደል በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ የረጅም ትዕግሥት ውጤት ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ቢሮ በአንድ የአማርኛ ሶፍትዌር የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ሲከፍተው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ከገባም በኋላ ጉድለት ተገኘበት። የሐዲያ ጎረቤት የሆነው የጉራጌ ሕዝብ ቋንቋውን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት ነበሩ። ዳንኤል ያዕቆብ የተባለ ባለሙያ ማስረጃ አያይዞ ያቀረበው ሐሳብ ታይቶ 28 ፊደላት በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 14ኛው የዩኒኮድ እትም ተካተዋል። በዩኒኮድ አሠራር ማንም ሰው ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ሚዛኑ የአቅራቢው ማንነት ሳይሆን ፊደሉ በሥራ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ሀዲይሳና ከምባትሳ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ይህ ችግር የላቸውም። የራሳቸው ችግር ግን አላቸው። ጉሮሮ ላይ የሚቋረጠውን ድምፅ አፖስትሮፊ በምትባለው ከላይ በምትንጠለጠል ጭረት ይጽፉታል፤ ለአንባቢው እንደማንኛውም ፊደል ናት። ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ኤስኪውኤል ግን ይህችኑ ጭረት የጽሑፍ መዝጊያ አድርጎ ይወስዳታል። በግድ የለሽነት የተጻፈ ፕሮግራም እዚያ ላይ ይሰበራል። መፍትሔው በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፤ አየርላንዳውያን በስማቸው መካከል በምትገባው ጭረት የተነሳ ይህንኑ መከራ አይተዋል። ስለዚህ አዲስ ምርምር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሚነግር ሰው ነው።

ለምን አይነገርም? አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው፤ የስህተት መዝገቦቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ሌላው የደረጃው ብዛት ነው። ከጤና ኬላ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴር ሲወጣ «ጳጉሜን 3 መስከረም 3 ይሆናል» የሚለው ዝርዝር በየደረጃው እየተቆረጠ «የሲስተም ችግር አለ» ሆኖ ይደርሳል። ስህተቱን የሚያሳየው ስክሪንሾት ደግሞ ከሥራ ባልደረቦች የቴሌግራም ግሩፕ አያልፍም።

ሦስተኛው ምክንያት ተናጋሪው ምን ያገኛል የሚለው ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ያህል ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቅዶ ነበር። ወሬው የተዛመተው ወደ ባንኩ ሳይሆን በስልክ መልእክት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቀ፤ ያልመለሱትንም ስም ዝርዝር ይፋ አደረገ። በዚያች ሌሊት ስህተቱን ዝም ብሎ መጠቀም ትርፍ ይመስል ነበር፤ ለመጠቆም ግን የተዘጋጀ ሽልማት የሚያውቅ አልነበረም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት መንገዱን ገልብጦታል፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ስህተት ላገኘ ሰው እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚል ቼክ ይልክ ነበር። አብዛኞቹ ተቀባዮች ቼኩን መንዝረው ከመብላት ይልቅ ግድግዳ ላይ መስቀል ይመርጡ ነበር።

በሆሳዕናና በዱራሜ በቅርብ ሊሆን የሚችለው ከዚህም ያነሰ ወጪ አለው። የዋቸሞ የኮምፒውቲንግ ተማሪዎች ለልምምድ ወደ መሥሪያ ቤቶች ሲወጡ ሠራተኞች በአማርኛ፣ በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ የነገሯቸውን አጣርተው፣ ስህተቱን ራሳቸው ደግመው አይተው፣ በእንግሊዝኛ ጽፈው ወደ መዝገቡ ሊያስገቡ ይችላሉ። ኮዳቸው ክፍት ለሆኑ ሶፍትዌሮች ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ዝግ ለሆኑት የባንክና የመንግሥት ሲስተሞች ግን ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ተቀባይ መመደብና የጠቆመውን ሰው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ለመጀመር የሚሆን ቀንም አለ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ በ2015 ዓ.ም ሆናለች፣ የሚቀጥለው በ2019 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ ይህችን ቀን በሥራ ላይ አላያትም። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም ብሎ አስቀድሞ በማስገባት ቅጹ መቀበል አለመቀበሉን መሞከር በአንድ ስልክ፣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።