የመንገድ መብራትና የሴቶች ደኅንነት፦ ፊዚክስ ምን ይላል?

አንዲት ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ወጥታ ወደ ቤቷ ከማምራቷ በፊት ስንት ነገር ታሰላለች? ሰዓቱን ታያለች። ጓደኛዋ መቼ እንደምትወጣ ትጠይቃለች። ሰው የሚበዛበትን መንገድ ከአቋራጩ ታመዛዝናለች፤ በየትኛው ጥግ ወጣቶች ተሰብስበው እንደሚቆሙ ታስታውሳለች፤ ለባጃጅ የሚሆን ገንዘብ መያዟንም ታረጋግጣለች። ይህን ስሌት ያስተማራት መምህር የለም። አብዛኞቹ ወንድ ተማሪዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ስሌት መኖሩን እንኳ አያውቁም።

ሴቶች በመንገድ ላይ የሚደርስባቸውን የቃል ትንኮሳ በተለምዶ «ለከፋ» እንለዋለን። አንዳንዱ እንደ ጨዋታ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ለከፋ ሁልጊዜ በቃል አይቆምም፤ መከተል፣ መንገድ መዝጋት፣ እጅ መጎተትና ጉንተላ ይከተሉታል። የምትለከፈዋ ሴትም የትኛው ለከፋ በቃል እንደሚያበቃና የትኛው ወደ ከፋ ነገር እንደሚያመራ አስቀድማ የምታውቅበት መንገድ የላትም። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ወደ ቤቷ ለመመለስ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፍራ ሳለ ተጠልፋና ተደፍራ ሕይወቷ ማለፉ መላ አገሪቱን ያስደነገጠው፣ ድርጊቱ የተጀመረው እያንዳንዷ ሴት በየዕለቱ በምታደርገው ተራ ጉዞ ላይ በመሆኑም ጭምር ነው።

የለከፋን ማኅበራዊ መነሻ መተንተን የሥነ ማኅበረሰብና የሕግ ምሁራን ድርሻ ነው። ነገር ግን ስለ ሴቶች ደኅንነት በተነሳ ቁጥር ከሚቀርቡት የመፍትሔ ሐሳቦች አንዱ «መብራት ይጨመር» የሚል ነው። ይህ ደግሞ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። መብራት በእርግጥ ይጠቅማልን? የሚጠቅመውስ ምን ዓይነት መብራት ነው?

ፀሐይ በወሎ ሰማይ ላይ

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ገራዶ የሚገኙት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመሆኑም የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል፣ በሰኔ ደግሞ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው። ጀምበር በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብላ ትጠልቃለች። በሰኔ መጨረሻ ግን እስከ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ትቆያለች።

ከዚህ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የድንግዝግዙ እጥረት ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በእኛ አካባቢ ፀሐይ የምትወርደው ወደ አድማሱ ቀጥ ብላ ስለሆነ ከጠለቀች በኋላ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ለመድረስ የሚፈጅባት 22 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ መብራት የሰውን ፊት ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ይሆናል። በስቶክሆልም ግን በሰኔ ወር ይኸው ሂደት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ፀሐይ በዚያ የምትወርደው አግድም ተንሸራታ ነው።

ተራራም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ከአድማስ ከፍ ባለ በእያንዳንዱ ዲግሪ ፀሐይ 4 ደቂቃ ቀድማ ትጋረዳለች። እንደ ገራዶ በተራሮች መካከል ባለ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ከፊቱ ያለው ተራራ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢታየው ቀጥተኛውን የፀሐይ ብርሃን 40 ደቂቃ አስቀድሞ ያጣል ማለት ነው። የሰማዩ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ የመንገዱ ጥላ ግን ከወዲሁ ይከብዳል።

እንግዲህ በኅዳር ወር 12 ሰዓት ተኩል ላይ የምትወጣ ተማሪ የምትጓዘው በሙሉ ሌሊት ነው። ጨለማውን ፈርታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጣስ? እናስላ። ወንድ የክፍል ጓደኛዋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢያጠና በቀን የ2 ሰዓት ተኩል ልዩነት ይፈጠራል። በሳምንት 5 ቀን፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት 16 ሳምንት ብንወስድ ልዩነቱ 200 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ተማሪዎች አንድ ፈተና ላይ ሲቀመጡ ይህን 200 ሰዓት የሚያስታውስ የለም።

ዓይን በጨለማ ውስጥ

የዓይናችን ብሌን በደማቅ ብርሃን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። የሚያስገባው ብርሃን በስፋቱ ካሬ ስለሚጨምር ትርፉ 12 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ግን የቀንና የሌሊት ብርሃንን ልዩነት ለመሸፈን ፈጽሞ አይበቃም። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ስትሰጥ ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ከ0.3 ሉክስ አይበልጥም።

ቀሪውን ሥራ የሚሠሩት በሬቲና ላይ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ናቸው። 6 ሚሊዮን ያህሉ ቀለምንና ዝርዝርን የሚለዩ ሲሆኑ በቂ ብርሃን ይሻሉ። 120 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ በደብዛዛ ብርሃን ይሠራሉ፤ ነገር ግን ቀለም አይለዩም፤ ዝርዝርም አያሳዩም። በሬቲና መካከለኛ ነጥብ፣ ማለትም አንድን ነገር ትኩር ብለን በምናይበት ቦታ ላይ፣ የጨለማዎቹ ሕዋሳት የሉም። ስለዚህ በጨለማ ከፊታችን የቆመን ሰው ማንነት ለመለየት ዓይናችንን ስንተክል የምንጠቀመው ለጨለማ ባልተሠራው የዓይናችን ክፍል ነው።

ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህን ልምምድ ለማፍረስ ግን የአንድ ባጃጅ የፊት መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በቂ ነው።

አንድ አምፖል ሲቃጠል

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ። 8 ሜትር ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለ መብራት ከሥሩ 20 ሉክስ ይሰጣል እንበል። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አንድ አራተኛ ይሆናል። በተጨማሪም መሬት ላይ የሚያርፈው አጋድሎ ስለሆነ ይበልጥ ይሳሳል። መብራቱ በየአቅጣጫው እኩል ይሰጣል ብለን ስናሰላ ከምሶሶው ሥር 8 ሜትር ስንርቅ 7 ሉክስ፣ 16 ሜትር ስንርቅ 1.8 ሉክስ፣ 32 ሜትር ስንርቅ ደግሞ 0.3 ሉክስ ገደማ ብቻ ይቀራል።

ምሰሶዎቹ በየ32 ሜትሩ ቢተከሉ በሁለቱ መካከል ያለው ነጥብ ከግራና ከቀኝ 1.8 እየተቀበለ 3.6 ሉክስ ያገኛል። ይህ ለእግረኛ መጥፎ አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ አምፖል ቢቃጠልስ? ከተቃጠለው ሥር ያለው ሰው ከሁለቱ ጎረቤት መብራቶች 32 ሜትር ይርቃል፤ የሚደርሰውም 0.6 ሉክስ ያህል ነው። ይህ ከጨረቃ ብርሃን ብዙም አይርቅም። የመንገዱ ብሩህና ጨለማ ነጥቦች ልዩነት ከ6 እጥፍ ገደማ ወደ 35 እጥፍ አሻቀበ ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ድምዳሜ ይገኛል። የቀሩትን አምፖሎች በእጥፍ ኃይለኛ በሆኑ ብንተካ ጨለማው ነጥብ ከ0.6 ወደ 1.2 ሉክስ ይወጣል፤ ብሩሁም ከ20 ወደ 40 ይወጣል። ልዩነቱ ግን ያው 35 እጥፍ ነው። ዓይን ደግሞ ራሱን የሚያስተካክለው በብሩሁ ስለሆነ ጨለማው ያው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የተቃጠለውን አንድ አምፖል መቀየር ሌሎቹን ሁሉ በኃይለኛ ከመተካት የበለጠ ይጠቅማል። በበጀት ቋንቋ ከተናገርን፣ ከአዲስ መብራት ተከላ ይልቅ የነባሩ ጥገና ይቀድማል።

የሚያጥበረብር ብርሃን

ኃይለኛ መብራት ሌላም ጉዳት አለው። ወደ ዓይን በቀጥታ የሚገባ ብርሃን በዓይን ውስጥ ተበትኖ እንደ ስስ መጋረጃ ይሆናል፤ ከበስተጀርባው ያለውንም ይሸፍናል። የዚህ መጋረጃ ውፍረት የሚወሰነው መብራቱ ከእይታችን መስመር ምን ያህል ዲግሪ እንደሚርቅ ነው፤ ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን መጋረጃው ወደ አንድ አራተኛ ይሳሳል። በግንብ አጥር ላይ ዝቅ ብሎ ወደ መንገድ የዞረ ኃይለኛ አምፖል ግቢውን የሚጠብቅ ቢመስልም በፊቱ ለምታልፈው ሴት ከአጠገቡ ያለውን ሁሉ ያጠፋባታል። ከመብራቱ ሥር የቆመው ሰው እሷን በግልጽ ያያታል፤ እሷ ግን ከጥቁር ቅርጽ በቀር አታየውም። ክዳን አድርጎ ብርሃኑን ወደ መሬት መመለስ ርካሽና ውጤታማ መፍትሔ ነው።

በመብራት መሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ አንድ መለኪያ አለ፤ እግረኛ ከፊት ለፊቱ የሚመጣን ሰው ፊት ቢያንስ ከ4 ሜትር ርቀት መለየት አለበት። ስለሆነም ብርሃን የሚለካው መሬት ላይ ብቻ ሳይሆን ፊት በሚገኝበት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይም ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 1.4 ሜትር እየተራመዱ ቢቀራረቡ 4 ሜትሩ የሚያልቀው በ1.4 ሰከንድ ነው። በ15 ሜትር ርቀት መለየት ከተቻለ ግን ከ5 ሰከንድ በላይ ይገኛል። በ5 ሰከንድ ውስጥ መንገድ መሻገር ወይም ወደ ሱቅ መግባት ይቻላል። በ1.4 ሰከንድ ከመደንገጥ ያለፈ ነገር ማድረግ አይቻልም።

በሌሎች አገሮች የተገኙ ውጤቶች

በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረጡ የሕዝብ መኖሪያ መንደሮች ጊዜያዊ የመብራት ማማዎች በዕጣ ተተክለው በተደረገ ጥናት ከቤት ውጪ በሌሊት የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች 36 በመቶ ያህል መቀነሳቸው ተዘግቧል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በእንግሊዝና በዌልስ 62 የአካባቢ አስተዳደሮችን የሸፈነ ጥናት የመንገድ መብራቶችን መቀነስ ወንጀልን እንዳበዛ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በሜልቦርን የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ወጣት ሴቶች «አያስተማምኑም» ያሏቸውን ቦታዎች ሲለኩ ብዙዎቹ ጨለማ ሳይሆኑ በኃይለኛ መብራት የደመቁ ሆነው አገኟቸው። ሴቶቹ የመረጧቸው ቦታዎች ብርሃኑ ከተለያዩ ምንጮች የሚመጣና ወጥ የሆነባቸው ነበሩ።

እነዚህ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም ከላይ ላደረግነው ስሌት እንግዳ አይደሉም። «መብራት» አንድ ነገር አይደለም፤ አወዳደቁ፣ ወጥነቱና በሥሩ የሚያልፈው ሰው ብዛት ሁሉ ይወስናሉ።

ፊዚክስ የማይፈታው

መብራት ለካፊን ጨዋ አያደርግም። ለከፋ በጠራራ ፀሐይ፣ 100,000 ሉክስ በሆነ ብርሃን፣ በታክሲ ተራና በገበያ መካከል ይፈጸማል። በዚያ ሰዓት የጎደለው ብርሃን ሳይሆን አይቶ ዝም የማይል ሰው ነው። የሴቲቱ አለባበስም ሆነ የወጣችበት ሰዓት የድርጊቱ ምክንያት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም፤ ድርጊቱን የሚፈጽመው ለካፊው ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመዘዋወር ነፃነትን ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያረጋግጣል፤ ሴቶችም ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠለፋን፣ አስገድዶ መድፈርን፣ በኃይል የሚፈጸሙ አሳፋሪ ድርጊቶችንና ዛቻን ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። ነገር ግን የሴት ሠራተኛዋ ቀን በፋብሪካው በር ላይ አያበቃም። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ በልብስ ስፌት ሥራ የሚሰማሩት አብዛኞቹ ደግሞ ወጣት ሴቶች ናቸው። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ከበሩ እስከ ኪራይ ቤቱ ያለው መንገድ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ምን ማድረግ እንችላለን?

አንባብያን ሊሞክሩት የሚችሉት ቀላል ተግባር አለ። በዘመናዊ ስልኮች ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ አለ፤ ትክክለኛነቱ እንደ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ባይሆንም ለማነጻጸር ይበቃል። ከጊቢያችሁ በር እስከ ታክሲ መያዣው ወይም እስከ መኖሪያችሁ ያለውን መንገድ በቡድን ሆናችሁ በየ10 እርምጃው ለኩ፤ መሬት ላይና በፊት ከፍታ ላይ። የተቃጠሉትን መብራቶች ቁጠሩ፤ የሚያጥበረብሩትን ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያም ያንኑ መንገድ የሚጠቀሙ ሴት ተማሪዎችን የሚፈሩት የትኛውን ቦታ እንደሆነ ጠይቁና ሁለቱን ካርታዎች አስተያዩ። ካርታዎቹ ከተገጣጠሙ ለማዘጋጃ ቤቱ የምታቀርቡት ጥያቄ «መብራት ይጨመርልን» የሚል ሳይሆን «ይህ ምሰሶ ይጠገን፣ ያኛው ይከደን» የሚል ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ችላ ማለት ይከብዳል። ካልተገጣጠሙ፣ ማለትም በጣም የሚፈራው ቦታ ብሩህ ሆኖ ከተገኘ፣ ችግሩ አምፖል ስላልሆነ በዚያ ጥግ ስለሚቆሙት ሰዎችና አይተው ስለሚያልፉት መነጋገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት ወንዶች ተማሪዎች ናቸው፤ ከለካፊዎቹ ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ናቸውና።