አዲሶቹ ውድ ላፕቶፖች ምን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ?

ውድ ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው “አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱ እስኪወጣ ልጠብቅ?” ብሎ ማመንታቱ የተለመደ ነው። የሚመጣውን በርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ አምራቾች እስካሁን የሄዱበትን መንገድ በማየት ቀጣዩን መገመት ይቻላል።

ቀዳሚው ለውጥ የሚጠበቀው በፕሮሰሰር ነው። አፕል እ.ኤ.አ በ2020 ኤም 1 የተሰኘውን የራሱን ፕሮሰሰር በላፕቶፖቹ ላይ መግጠም ጀመረ። ኤም 2 በ2022፣ ኤም 3 በ2023፣ ኤም 4 ደግሞ በ2024 ተከትለዋል። ኤም 1 በ5 ናኖሜትር፣ ኤም 3 ደግሞ በ3 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ የተሠሩ ናቸው። ቴክኖሎጂው በረቀቀ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በአነስተኛ ኃይል ብዙ ስለሚሠራ፣ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ቀጣዮቹም በዚሁ መንገድ ፈጣንና ኃይል ቆጣቢ እንደሚሆኑ ይገመታል። ይሁን እንጂ ጽሑፍ ለሚጽፍ ወይም ሒሳብ ለሚይዝ ሰው በሁለት ተከታታይ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም።

ሁለተኛው ስክሪን ነው። ኦሌድ በተባለው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ ጥቁር ቀለም ፍጹም ጥቁር ሆኖ ይታያል። በርካታ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ይህንኑ ይጠቀማሉ። አፕል በ2024 በአይፓድ ፕሮ ላይ ስላዋለው፣ ወደ ማክቡክ ፕሮም ያሻግረዋል የሚል ግምት አለ።

ለገዢ ኪስ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ራም ነው። በብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራም ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ወይም ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የታሸገ በመሆኑ፣ ከግዢ በኋላ መጨመር አይቻልም። አፕል በ2024 የማክቡክ ፕሮን መነሻ ራም ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደጉ፣ ፍላጎቱ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያመለክታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በላፕቶፑ ላይ ማሠራት ብዙ ራም ይጠይቃልና።

ተስፋ ሰጪ ጅምርም አለ። ሌኖቮ በ2024 ባቀረበው ቲንክፓድ ፒ 1 ላፕቶፕ ላይ ኤልፒካም 2 የተባለ፣ በብሎን የሚታሰርና የሚቀየር ራም ተጠቅሟል። አሠራሩ ከተስፋፋ ቀጭን ላፕቶፕ የገዛ ሰው ዕቃውን ሳይጥል አቅሙን ማሳደግ ይችላል።

እስከዚያው ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት “ራም ይጨመርበታል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የማይጨመርበት ከሆነ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚበቃውን መጠን መምረጥ ያሻል። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚያስመጣም መጠኑን አስቀድሞ ለይቶ መንገር አለበት።