ዘይቱ ሊያልቅ መሆኑን ማን ነገረው?

ኑ ተሰብሰቡ! አንድ ነገር ገብቶኛልና ለእናንተ ሳልነግር አላድርም።

ሱፐርማርኬት ስንገባ ካሸሯ እቃችንን ቀዩ መብራት ላይ ታሳልፈዋለች፤ «ጢት» ይላል፤ ከፍለን እንወጣለን። በዚያች «ጢት» ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መደርደሪያው ላይ የዘይት ጀሪካን ተደርድሮ እየታየ፣ የሱቁ ኮምፒውተር ግን ባለቤቱን «ዘይት እዘዝ» ይለዋል። ዓይን የለው፣ ካሜራ የለው! ማን ነገረው?

ከባርኮዱ እንነሳ። ጥቁርና ነጭ መስመሮቹ ውስጥ ምን የተጻፈ ይመስላችኋል? ዋጋው? የእቃው ስም? አንዱም የለም! ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ያው ከመስመሮቹ ሥር የምታዩት 13 አሃዝ። መስመሮቹ ያንኑ ቁጥር ማሽን እንዲያነበው ደግመው ይጽፉታል እንጂ ሌላ ምስጢር የላቸውም። ስሙና ዋጋው የተቀመጠው በሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ባለቀይ መብራቱ ማንበቢያ፣ ስካነሩ፣ ቁጥሩን ይልካል፤ ኮምፒውተሩ መዝገቡን አገላብጦ «ይሄ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው» ብሎ ይመልሳል። ዋጋ ሲጨምር (መቼስ የማይጨምርበት ጊዜ የለም) ባለሱቁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቀይርና ያበቃል።

የነገሩ አጀማመር ደግሞ ደስ ይላል። ኖርማን ጆሴፍ ውድላንድ የሚባል አሜሪካዊ ማያሚ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተቀምጦ ያስብ ነበር። ልጅ ሳለ በቦይ ስካውት የተማረው የሞርስ ኮድ ትዝ አለው፤ ነጥብና ሰረዝ። ጣቶቹን አሸዋው ውስጥ ሰክቶ ወደ ራሱ ሲጎትታቸው ነጥቡ ቀጭን መስመር፣ ሰረዙ ወፍራም መስመር ሆነ። በቃ! ከጓደኛው ከበርናርድ ሲልቨር ጋር እ.ኤ.አ. በ1949 የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በ1952 ተሰጣቸው። መስመሩን በርካሽ የሚያነብ መሣሪያ ስላልነበረ ግን ሐሳቡ ከ20 ዓመት በላይ ተኛ። ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የነደፈው የአይቢኤሙ መሐንዲስ ጆርጅ ሎረር ነው። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. ኦሃዮ ውስጥ፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ በዚህ ባርኮድ የመጀመሪያው እቃ ተሸጠ፤ አንድ የማስቲካ ጥቅል፣ 67 ሳንቲም። በዚያው ሳምንት እኛ አገር ደርግ ይቋቋም ነበር። እነሱ ማስቲካ ሲቆጥሩ እኛ ምን ላይ እንደነበርን አስቡት።

አሁን እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ፤ አንድ ጉድ ላሳያችሁ። አንድ የጀርመን እስክሪብቶ ላይ ያለው ቁጥር 4006381333931 ነው። የመጨረሻዋን 1 በጣታችሁ ሸፍኗት። ከቀሩት 12 አሃዞች ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንድ እየዘለላችሁ ደምሩ፤ 4፣ 0፣ 3፣ 1፣ 3፣ 9፤ 20 መጣ። የተዘለሉትን ደምሩ፤ 0፣ 6፣ 8፣ 3፣ 3፣ 3፤ 23 መጣ። 23ን በ3 አባዙት፤ 69። ከ20 ጋር 89። ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር፣ ወደ 90 ለመድረስ ስንት ጎደለ? 1! ጣታችሁን አንሱ። አያችኋት? የመጨረሻዋ አሃዝ ጠባቂ ናት። ስካነሩ ከአሃዞቹ አንዷን ብቻ አሳስቶ ቢያነብ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ስለዚህ «ጢት» አይልም። ካሸሯ እቃውን ደጋግማ የምታሻሸው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ቤት ስትገቡ ያገኛችሁትን ባለ 13 አሃዝ እቃ ሞክሩት፤ የሳሙና መጠቅለያም ይሁን መጽሐፍ። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ላይ ከ978 ቀጥሎ 99944 ካያችሁ፣ 99944 የአገራችን መለያ ነው። ለሌላው እቃ ግን የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ቁጥሩ የተመዘገበው የት እንደሆነ እንጂ እቃው የት እንደተመረተ አይናገሩም። ይህን ስንቱን ሰው አስተምሬ እዘልቀዋለሁ!

ቁጥሩ ታወቀ እንበል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ ያስቃል፤ ይቀንሳል። ሌላ ምንም የለም። ትናንት 50 ጀሪካን ነበረ፤ አንድ «ጢት» 49፣ ሌላ «ጢት» 48። አከፋፋዩ 100 ሲያወርድ ደግሞ ይደምራል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22፣ የቀረው ደግሞ ቢን ካርድ ላይ። የመጋዘን ሠራተኛው በእስክሪብቶ የሚሠራውን ነው ኮምፒውተሩ የሚሠራው፤ ልዩነቱ አይረሳም፣ ምሳ አይወጣም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ መደርደሪያውን አያየውም። የሚያውቀው የገባውንና የወጣውን ብቻ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ! «እዘዝ» የሚለው መቼ ነው? እቃው ሲያልቅ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ እናቶቻችሁን ጠይቁ። እናት ሊጥ የምታቦካው እንጀራ ሲያልቅ ነው? መሶቡ ባዶ ሆኖ ዛሬ ብታቦካ፣ ሊጡ እስኪደርስ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ እንጀራ ሳለ ነው የምታቦካው፤ ምክንያቱም ሊጡ ለመድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። እኔ ነገሩ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው! የመሶቡን መጠን ሳይሆን የመጠበቂያውን ጊዜ ነው የምትለካው።

በቁጥር እንየው። ሱቁ በቀን 6 ጀሪካን ዘይት ይሸጣል፤ አከፋፋዩ ከታዘዘ በኋላ ለማምጣት 4 ቀን ይወስድበታል። 6 በ4፣ 24። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ 24 ሲቀር ካላዘዘ መሀል ላይ ያልቅበታል። ግን የሠፈር ድግስ ቢመጣስ? የአከፋፋዩ መኪና ቢበላሽስ? ላልታሰበ እንግዳ ትንሽ ትርፍ እንደሚቀመጠው ሁሉ 10 እንጨምርለት፤ 34 ሆነ። ቁጥሩ 34 ስትደርስ ኮምፒውተሩ ባለቤቱን ይቀሰቅሰዋል። ያ ሁሉ መደነቄ ለዚህች ማባዛትና መደመር ነበር!

ቆይ፣ ቆይ። አንድ ብልሃት አለች። ዛሬ 34 ሆነ፣ ታዘዘ። ነገ 28 ይሆናል፤ 28 ደግሞ ከ34 በታች ነው፤ ታዲያ ነገም ይዘዝ? ከነገ ወዲያም? በአራት ቀን ውስጥ ሱቁ በዘይት ሊጥለቀለቅ ነው! እንዲህ የማይሆነው ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ገና ሳይደርስ ካለው ጋር ስለሚደምረው ነው። ባልዲ ውስጥ ሊጥ እየቦካ ሳለ ማንም እንደገና አያቦካም አይደል?

ስንት ይታዘዝ የሚለው ደግሞ የራሱ ውበት አለው፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። በየቀኑ ምጣድ ማሞቅ ማገዶ ይፈጃል። ባንዴ ለወር ብትጋግሩ ደግሞ ይሻግታል። ሱቁም እንዲሁ ነው፤ ባዘዘ ቁጥር የመኪናና የጫኝ አውራጅ ወጪ አለ፤ ብዙ ቢከምር ደግሞ መጋዘን፣ የተያዘ ገንዘብ፣ የሚበላሽ እቃ። ዘይቱ በዓመት 1,800 ይሸጣል እንበል፤ አንዴ ማዘዝ 400 ብር፣ አንድ ጀሪካን ዓመት ሙሉ ማስቀመጥ 100 ብር ይፍጅ። በየጊዜው 60 ብናዝዝ፣ 30 ጊዜ ማዘዝ ነው፤ 12,000 ብር። መጋዘኑ ውስጥ በአማካይ የትእዛዙ ግማሽ፣ 30 ይቀመጣል፤ 3,000 ብር። ድምሩ 15,000። በ240 እንሞክር፤ የማዘዣው 3,000 ይሆንና የማስቀመጫው 12,000 ይሆናል፤ ያው 15,000! መሀል ላይ በ120 ስንሞክር? 15 ጊዜ ማዘዝ 6,000፣ 60 ማስቀመጥ 6,000፤ ድምሩ 12,000። ከዚህ የሚረክስ የለም። አያችሁ ምን እንደሆነ? ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሆኑበት ቦታ ነው በጣም የሚረክሰው!

ይህን በጣም የሚረክስ መጠን የሚያሰላውን ቀመር ያገኘው ፎርድ ሃሪስ የሚባል፣ ኮሌጅ ያልገባ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 በአንድ የፋብሪካ መጽሔት ላይ አወጣው። ከዚያ ለረጅም ዘመን በሌላ ሰው፣ በዊልሰን ስም ሲጠራ ኖረ፤ ግፍ ነው። ቀመሩ ውስጥ ካሬ ሥር ስላለ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ይወጣል፤ ሽያጩ 4 እጥፍ ቢያድግ የሚታዘዘው መጠን የሚያድገው 2 እጥፍ ብቻ ነው። ትልቅ ሱቅ ለምን እንደሚያተርፍ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚህ ተደብቋል።

በቀን 6 የምትለዋ ቁጥርስ ከየት መጣች? ካለፈው ሽያጭ። የኛ አገር ባለሱቅ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ ውጭ አገር የተሠራ ከሆነ «ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ስንት ተሸጠ?» ብሎ ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በ2017 ሚያዝያ 12። ሚያዝያ 17ን ውሰዱ። በ2016 ሁዳዴ ላይ ነን፤ ወተትና ቅቤ የሚገዛ እምብዛም የለም። በ2017 ግን ጾሙ ተፈትቷል፤ ሰው ወተት ላይ ነው። ያለፈውን ዓመት ብቻ የሚያይ ኮምፒውተር ልክ በፍስኩ ቀን «ወተት አታብዛ» ይላል! ባለሱቁ ግን የበዓል ማውጫ የያዘ ካላንደር ግድግዳው ላይ አለው፤ በዚህ በዚህ ማሽኑን ይበልጠዋል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ፤ ኮምፒውተሩ መደርደሪያውን አያይም። ሌባ ሲወስድ «ጢት» አይልም። ጀሪካን ተቀድዶ ሲፈስ «ጢት» አይልም። እናንተ አንድ እንጆሪና አንድ ሙዝ እርጎ ስታመጡ፣ ዋጋቸው እኩል ነው ብላ ካሸሯ እንጆሪውን ሁለት ጊዜ «ጢት» ካደረገችው፣ እንጆሪው አንድ ጎደለ፣ ሙዙ አንድ ተረፈ፤ ወረቀት ላይ ብቻ። ዲሆራሽየስና ራማን የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ትልቅ ነጋዴ 37 መደብሮችን መዝገብ ከመደርደሪያው ጋር ሲያመሳክሩ፣ ወደ 370,000 ከሚጠጉ መዝገቦች 65 በመቶው አልገጠመም። ከግማሽ በላይ!

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ደግሞ ድምፅ የለውም። ኮምፒውተሩ ሳሙና 40 አለ ይላል፤ ማዘዣ ቁጥሩ 34 ነው። መደርደሪያው ግን ባዶ ነው፤ ተሰርቋል። ሳሙና ከሌለ ማን ይገዛል? ካልተገዛ «ጢት» የለም። «ጢት» ከሌለ 40ዋ አትቀንስም። ካልቀነሰች 34 አትደርስም፤ ስለዚህ አይታዘዝም፤ ስለዚህ መደርደሪያው ለዘላለም ባዶ! ደንበኛው «ሳሙና የላችሁም?» እያለ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ተቀምጧል። ይህን ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል።

መድኃኒቱ ቆጠራ ነው፤ ግን ሱቁን ዘግቶ በዓመት አንዴ ሁሉን መቁጠር ብቻ አይደለም። ጎበዝ ሱቅ በየቀኑ ጥቂት ዓይነት እቃ እየመረጠ ይቆጥራል፤ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውንና ውዱን አዘውትሮ፣ ሌላውን አልፎ አልፎ። ከዚህ ሌላ ፕሮግራሙን «መዝገብ ላይ አለ እያልክ ሰሞኑን ግን አንድም ያልተሸጠ እቃ ዘርዝርልኝ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ያ ዝርዝር ሲወጣ የሳሙናችን ዓይነቱ ብቅ ይላል።

በጣም የሳቅሁባት ግን ሌላ ናት። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ «ስኳር፦ 3 ሲቀነስ» ይላል። ከዜሮ በታች ስኳር! አንድ ሱቅ እንዴት የሌለውን ሦስት ፓኬት ይሸጣል? ቀላል ነው፤ አከፋፋዩ ጠዋት አወረደ፣ ልጁ መደርደሪያው ላይ ደረደረው፣ ደረሰኙን ግን ማንም ኮምፒውተሩ ውስጥ አላስገባውም፤ ገዢው ደግሞ መጥቶ ወሰደ። ሲቀነስ 3 ካያችሁ ወደ መደርደሪያው አትሩጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተመዘገበ ደረሰኝ ፈልጉ።