ሥዕልን መመልከት

ሥዕል ፊደል ለማያውቅ ሰው መጽሐፍ ነው፤ ቸኩሎ የሚያልፍ ግን ቀለሙን ያያል እንጂ ምሥጢሩን አያገኝም።

ልጆች ሆይ፤ ከቁይ ወደ ጣና ብትሄዱ በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቶ ታያላችሁ። የቀደሙ ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ክፉውን ግን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን መሣል ልማዳቸው ነበረ። ስለዚህ የጸሎተ ሐሙስን እራት ሥዕል ስታዩ የተቀመጡትን ሁሉ ዓይን ቍጠሩ። ይሁዳ ከጌታ ጋራ በአንድ ማዕድ ተቀምጧል፤ ከወንድሞቹም ጋራ ይበላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በዓይኑ ይለያል።

ይህ የሥዕል ምልክት ነው እንጂ የሰው መልክ መለያ አይደለም። በሰው ዘንድ ክፋት በልብ ይሰወራልና፥ ሥዕሉን ተመልክታችሁ ስትጨርሱ ባልንጀራችሁን ሳይሆን ራሳችሁን መርምሩ።